የዩኒቨርሲቲ ጠባቂ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጥበቃ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ላይ ብዙ ክርክር የለም። መጻሕፍት ቤቱ፥ ቤተ ሙከራው፥ የገንዘብ ክፍሉና የተማሪዎች ማደሪያ ሁሉ ጠባቂ ይሻሉ። በምሽት ከመጻሕፍት ቤት ወደ ማደሪያዋ የምትመለስ ተማሪም መንገዷ ሰላም እንዲሆን መጠየቋ ተገቢ ነው። የሚያከራክረው ሌላ ነው። ጠባቂው ማን ይሁን? መሣሪያ ይታጠቅን? ሰው የመያዝ ሥልጣን ይኑረውን? ከሁሉም በላይ ደግሞ፥ ጠባቂው ራሱ ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በተለይ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ነገሩን ከመነሻው ለማየት የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፖሊስ ቀጥሮና አስታጥቆ የማሠራት ልማድ በዚያ አገር የቆየና የተስፋፋ ነው። ሁለተኛ፥ የተሠራው ሥራ በጎም ሆነ ክፉ በሕግ፥ በፍርድ ቤት ውሳኔና በመርማሪ ጓድ ሪፖርት ተጽፎ ስለሚገኝ ለመተቸት ይመቻል። ይሁን እንጂ የሌላውን አገር አሠራር የምናየው ለማድነቅ ወይም ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። ጥያቄው በኛም አገር ደም ያስከፈለ ስለ ሆነ በመጨረሻ ወደዚሁ እንመለሳለን። ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የታሪኩ መነሻ የዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። በኒው ሄቨን ከተማ ተማሪዎቹና የከተማው ነዋሪዎች ለብዙ ዘመን ሲጋጩ ኖረዋል። በ1894 ሁለት የከተማው ፖሊሶች፥ ዊልያም ዋይዘርና ጄምስ ዶኔሊ፥ በዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሠሩ ተመደቡ፤ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፖሊስ ታሪክም ከዚህ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት በአብዛኞቹ ኮሌጆች ጥበቃ ማለት በር የሚዘጋ፥ እሳት እንዳይነሣ የሚቃኝ፥ የሰከረውን ተማሪ ወደ ማደሪያው የሚመልስ የሌሊት ዘበኛ ማለት ነበር።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። የተማሪው ቁጥር በዛ፤ የቬትናም ጦርነትና የዘር መድልዎ ያስነሡት ሰልፍም ግቢዎቹን ሞላ። ሜይ 4 ቀን 1970 በኦሃዮ ግዛት፥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የገባው የግዛቱ ብሔራዊ ዘብ 13 ሴኮንድ ያህል በቆየ ተኩስ አራት ተማሪዎች ገደለ፤ ዘጠኝ አቆሰለ። ከሞቱት መካከል ሁለቱ በሰልፉ ያልነበሩ፥ በክፍልና በክፍል መካከል በመንገድ ላይ የተገኙ ናቸው። አሥራ አንድ ቀን ሳይሞላ፥ ሜይ 15፥ በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ስቴት ኮሌጅ የከተማው ፖሊስና የግዛቱ የመንገድ ፖሊስ በሴቶች ማደሪያ ፊት ለፊት ተኩሰው ሁለት ወጣቶች ገደሉ፤ 12 አቆሰሉ። ጉዳዩን እንዲመረምር በፕሬዚዳንቱ የተሾመው ጓድም በኬንት ስቴት የተደረገው ተኩስ የማያስፈልግ እንደ ነበረ በዚያው ዓመት አስታወቀ።

ከዚህ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ፖሊስ የቀረበው መከራከሪያ ቀላል አይደለምና በቅንነት ልናየው ይገባል። ከውጭ የሚጠራ ወታደር ግቢውን አያውቅም፤ ተማሪውንም አያውቅም፤ ሰልፈኛውን ከአላፊ አግዳሚው አይለይም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሰዎች ቢኖሩት፥ በስም የሚያውቁትንና በየቀኑ የሚያዩትን ተማሪ ለመተኰስ አይቸኩሉም፤ ጦር የሚጠራበትም ምክንያት ይቀንሳል። ብዙ ግዛቶች በዚህ አሳብ ሕግ እያወጡ ለዩኒቨርሲቲዎች ፖሊስ የመቅጠር ሥልጣን ሰጡ።

አሳቡ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ሌላ መልክ ያዘ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2011–12 የትምህርት ዘመን ባደረገው ጥናት፥ 2,500 እና ከዚያ በላይ ተማሪዎች ካሏቸው የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል፥ ከመንግሥታዊዎቹ 92 በመቶ፥ ከግሎቹ ደግሞ 38 በመቶ ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ነበሯቸው። ከጠቅላላው 75 በመቶ ያህሉ የታጠቀ ጥበቃ ያሠሩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ፖሊሶችም አብዛኞቹ ከግቢው አጥር ውጭ ሰው የመያዝ ሥልጣን ነበራቸው። እንግዲህ ያ በር ዘጊ ዘበኛ በመቶ ዓመት ውስጥ ሽጉጥ ታጠቀ፤ መኪና ያዘ፤ ከአጥሩም ወጣ። እኛ የምንለው፥ ሥልጣኑ በዚህ ፍጥነት ሲያድግ ተጠያቂነቱ እኩል አላደገም ነው። ይህንንም በሦስት ነገሮች እናሳያለን፤ እነርሱም ማስጠንቀቂያ፥ ትእዛዝና መዝገብ ናቸው።

በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያን እንመልከት። በኤፕሪል 1986 በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ፥ የ19 ዓመቷ ጂን ክሌሪ በማደሪያ ክፍሏ ተደፍራ ተገደለች። ገዳይዋ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የገባውም ራሳቸው እንዲቈለፉ የተሠሩት በሮች እንዳይዘጉ ዕቃ ተደግፎባቸው ክፍት በመተዋቸው ነው። ወላጆችዋ ከዚያ በኋላ የተገነዘቡት ነገር ከበሮቹ ይልቅ የከፋ ነበር፤ ኮሌጆች በግቢያቸው የሚፈጸመውን ወንጀል ለተማሪውም ለወላጁም የመናገር ግዴታ አልነበረባቸውም። መልካም ስም እንዳይጎድፍ ተብሎ የተደበቀ ወንጀል ተማሪውን ሳያውቅ ለአደጋ ያጋልጠዋል። ወላጆችዋ ባደረጉት ትግል በ1990 ሕግ ወጣ፤ በ1998ም በልጃቸው ስም ተጠራ።

ሕጉ ከማዕከላዊው መንግሥት የተማሪ ብድርና እርዳታ የሚቀበሉ ተቋሞችን ሁሉ ይመለከታል። ዋና ዋና ግዴታዎቹም እነዚህ ናቸው። ተቋሙ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ድረስ ያለፉትን የሦስት ዓመታት የወንጀል ቁጥር የያዘ ሪፖርት ያወጣል። ፖሊስ ወይም የጥበቃ ክፍል ያለው ተቋም የዕለት ወንጀል መዝገብ ይይዛል፤ የተፈጸመው ነገር ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ቦታውና የደረሰበት ውጤት በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይጻፍበታል። ያለፉት 60 ቀኖች መዝገብም በሥራ ሰዓት ለማንም ሰው ክፍት ይሆናል፤ ተማሪ መሆን ወይም ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም። ግቢውን የሚያሰጋ አደጋ ሲኖርም በጊዜው ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው።

በእኛ አስተያየት ይህ ሕግ ከጠመንጃው ሁሉ የሚበልጥ የጥበቃ መሣሪያ ነው። የቨርጂኒያ ቴክ ታሪክ ይህንን ያስረዳል። ኤፕሪል 16 ቀን 2007 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በአንድ ማደሪያ ሁለት ተማሪዎች በጥይት ተመቱ። ዩኒቨርሲቲው የራሱ የታጠቀ ፖሊስ ነበረው፤ ፖሊሱም ወዲያው ደረሰ። ነገር ግን ጉዳዩ የግል ጠብ ነው ተብሎ ስለ ተገመተ፥ ለተማሪዎችና ለመምህራን በኢሜይል ማስታወቂያ የተላከው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ በሦስት ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነበር። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ያው ገዳይ በኖሪስ አዳራሽ ሌሎች ሠላሳ ሰዎች ገደለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ግን የከፋው ጅቡ ሳይሄድ ውሻው ዝም ማለቱ ነው። የጎደለው መሣሪያ አልነበረም፤ የጎደለው ቃል ነበር። በ2008 ሕጉ ተሻሽሎ በሕይወት ላይ ድንገተኛ አደጋ መኖሩ በተረጋገጠ ጊዜ ሳይዘገይ ለግቢው ሁሉ ማሳወቅ ግዴታ ሆነ።

ሕጉ ጥርስ እንዳለውም ታይቷል። የወንጀል ሪፖርት አጓድለዋል ወይም ደብቀዋል ተብለው ፔን ስቴት በ2016 ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር፥ ሚሺጋን ስቴት በ2019 4.5 ሚሊዮን ዶላር፥ ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ በ2024 14 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተዋል።

ሁለተኛው ነገር ትእዛዝ ነው። የዩኒቨርሲቲ ፖሊስ ልዩ ጥቅሙ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር መታዘዙ ነው ተብሎ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ኖቬምበር 18 ቀን 2011 የሆነው ግን ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር እንደሚችል ያሳያል። ተማሪዎች በሣር ላይ ድንኳን ተክለው ስለ ትምህርት ክፍያ መናርና ስለ ሀብት ልዩነት ተቃውሞ ያሰሙ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ድንኳኑን ለማንሣት ገባ፤ አንድ የፖሊስ መኮንንም በመሬት ላይ ተደርድረው በተቀመጡ ተማሪዎች ፊት ላይ እየተመላለሰ የበርበሬ መርዝ ረጨ። በቀድሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በክሩዝ ሬይኖሶ የሚመራ ጓድ ጉዳዩን መርምሮ በ2012 ሪፖርት አወጣ። ድርጊቱ ሊቀርና መቅረትም የሚገባው እንደ ነበረ ገለጸ። የዩኒቨርሲቲዋ ኃላፊ ኃይል እንዳይደረግ ፍላጎቷን በግልጽ ትእዛዝ አላስተላለፈችም፤ የፖሊስ አዛዥዋም የበታቾቿን በሚገባ አልመራችም፤ የተረጨውም መርጫ ክፍሉ እንዲጠቀምበት ያልተፈቀደ ዓይነት ነበር። ዩኒቨርሲቲው በመጨረሻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ከፈለ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ተማሪን የሚያውቅ ፖሊስ አይቸኩልም የተባለው መከራከሪያ በዴቪስ አልሠራም። ማወቅ ብቻውን ልጓም አይሆንም፤ ልጓም የሚሆነው ግልጽ ትእዛዝና ማን እንዳዘዘ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ኃላፊው «እኔ እንዲህ አላልኩም»፥ አዛዡ «እንዲህ መሰለኝ»፥ መኮንኑ «ታዝዤ ነው» የሚባባሉበት ሥርዓት ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ፖሊስ ጣቢያ ቢሆን ልዩነት የለውም።

ከአጥር ውጭ መውጣትም የራሱን ጥፋት አምጥቷል። በጁላይ 2015 የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ ከግቢው ውጭ በከተማ መንገድ አንድ መሣሪያ ያልያዘ ጥቁር አሜሪካዊ የፊት ታርጋ የለህም ብሎ አስቁሞ በጥይት ገደለው። ሟቹ ተማሪ አልነበረም፤ ጉዳዩም ከትምህርት ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲው ለቤተሰቡ 4.85 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍልና ልጆቹን በነፃ ሊያስተምር ተስማማ። መጻሕፍት ቤት ለመጠበቅ የተቋቋመ ክፍል የከተማ ትራፊክ ተቈጣጣሪ ሲሆን ከዓላማው ምን ያህል እንደ ራቀ ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር መዝገብ ነው። ከላይ ያመሰገንነው የዕለት መዝገብ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ሕጉ የሌባውን፥ የደፋሪውን፥ የቃጠሎ አድራሹን ሥራ እንዲጻፍ ያዝዛል፤ ጠባቂው ራሱ ስንት ሰው እንዳስቆመ፥ ስንቱን እንደ ፈተሸ፥ በማን ላይ ኃይል እንደ ተጠቀመ ግን እንዲጻፍ አያዝዝም። መዝገቡ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አይመለከትም። የዴቪስ ተማሪዎች የደረሰባቸውን ሕዝብ ያወቀው ከመዝገብ ሳይሆን በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ፎቶግራፍና ፊልም ስላነሡ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ በሌለበት በሌሊት የሚሆነውን ማን ያውቃል?

የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሲሆኑ ችግሩ ይብሳል። በኦሃዮ የሚገኘው ኦተርባይን የተባለ የግል ዩኒቨርሲቲ የራሱ ፖሊስ አለው። አንዲት የተማሪዎች ጋዜጣ ዘጋቢ የዚህን ፖሊስ መዛግብት ለማየት ጠይቃ ተከለከለች፤ ተከልክላም አልቀረችም፤ ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተች። ፍርድ ቤቱም በ2015 በአራት ዳኞች ድምፅ በሦስቱ ላይ ፈረደላት፤ የመንግሥትን የፖሊስ ሥልጣን የሚሠራ ክፍል ደመወዙን ማንም ቢከፍለው የሕዝብ መሥሪያ ቤት ነውና መዝገቡን ያሳይ ተባለ። በአጎራባቹ በኢንዲያና ግዛት ግን በ2016 ተቃራኒው ተወሰነ፤ አንድ የስፖርት ዜና ድርጅት የኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲን የፖሊስ መዛግብት ቢጠይቅ፥ ዩኒቨርሲቲው የግል ስለ ሆነ በግዛቱ ሕግ መሠረት ፖሊሱ የማሳየት ግዴታ የለበትም ተባለ። ሁለቱም ፖሊሶች ሰው ይይዛሉ፤ ሁለቱም ይታጠቃሉ። ዜጋው የሥራቸውን ማስረጃ የማየት መብቱ ግን የግዛት ድንበር በተሻገረ ጊዜ ይቀራል። እኛ የኦሃዮን ፍርድ እንደግፋለን። ሰው የመያዝ ሥልጣን ከሕዝብ የተገኘ ነውና፥ ሥልጣኑን የተቀበለ ተጠያቂነቱንም አብሮ መቀበል አለበት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ ተሰብስበው ሳሉ የክብር ዘበኛ ጦር ገብቶ ተኮሰ፤ ተማሪዎችም ሞቱ። ይህ ከኬንት ስቴት አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ በፊት ነው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ አቀረቡ። ከጥያቄዎቻቸውም መካከል የተማሪዎች ጋዜጣ እንደገና እንዲወጣና መለዮ የለበሰ ፖሊስ ከግቢው እንዲነሣ የሚሉት ሁለቱ ነበሩ። ፖሊስ ግቢ ገብቶ ተማሪዎችን ደበደበ፤ ሁከቱም ወደ ከተማው ተዛምቶ 40 ያህል ሰዎች ሞቱ።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አንዳንዶች የማይገናኙ፥ በችኮላ የተደረደሩ አድርገው ይመለከቷቸዋል። ከላይ የመረመርነው ሁሉ የሚያሳየው ግን ሁለቱ በእውነቱ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ነው። መዝገብ ያለ አንባቢ ከንቱ ነው። የኦተርባይን ፖሊስ መዝገብ የተከፈተው ዳኞች ስለ ፈረዱ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቅ የተማሪ ጋዜጣ ስለ ነበረ ነው። ጋዜጣ በሌለበት ግቢ ጠባቂው በጎ ቢሠራ የሚያመሰግነው፥ ቢያጠፋም የሚጠይቀው የለም።

ከወዲያ በኩል የሚቀርበውን መቃወሚያም አንሸሽም። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግጭት ተነሥቶ የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል። በዚያ ጊዜ ከማደሪያው መውጣት የፈራ ተማሪ ፖሊስ ይምጣልኝ እንጂ ፖሊስ ይውጣልኝ አላለም። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ፖሊስ በማናቸውም ጊዜ ወደ ግቢ አይግባ የሚለውን አሳብ አንቀበልም፤ ደካማውን ለብርቱው አሳልፎ የሚሰጥ ነውና። ነገር ግን ያው የፈራ ተማሪ ፖሊስ ሲገባ በማን ጥሪ እንደ ገባ፥ መቼ እንደሚወጣ፥ ቢበድለውም ለማን እንደሚያመለክት ሊያውቅ ይገባዋል። ፍርሃት የጥበቃን አስፈላጊነት ያስረዳል እንጂ የጠባቂን ተጠያቂ አለመሆን አያስረዳም።

በዚህም መሠረት ለውይይት የምናቀርባቸው አሳቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፥ በየዩኒቨርሲቲው የጥበቃ ክፍል የዕለት መዝገብ ይኑር፤ ማንም ተማሪና መምህር ያንብበው። የበደል አድራሹ ሥራ ብቻ ሳይሆን የጠባቂውም ሥራ ይጻፍበት፤ ማን ተያዘ፥ ስንት ሰዓት ቆየ፥ ኃይል ተደርጎ እንደ ሆነ በማን ትእዛዝ። የተበዳይ ስም ግን ይሰወር።

ሁለተኛ፥ ሕይወት ለማዳን አስቸኳይ ካልሆነ በቀር የውጭ ፖሊስ ወደ ግቢ የሚገባው ኃላፊው በስሙ ፈርሞ በጽሑፍ ሲጠራው ብቻ ይሁን። አስቸኳይ ሲሆንም ምክንያቱ በማግሥቱ በጽሑፍ ይገለጽ።

ሦስተኛ፥ የተማሪዎች ጋዜጣ ከዚህ መዝገብ ቀድቶ የማተም መብት ይኑረው።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተር፥ እስክሪብቶና የሚፈርም ኃላፊ ይበቃል። የሚጎዳውም ታማኙን ጠባቂ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በብርድ በር ላይ ቆሞ የሚያድር ዘበኛ ባልሠራው ሥራ ሲወቀስ ንጹሕነቱን የሚመሰክርለት ይኸው መዝገብ ነው። መዝገብን የሚፈራ ጠባቂ ቢኖር፥ ከእርሱ የምንጠበቅበትን መንገድ ከወዲሁ ማሰብ ይኖርብናል።